የጾም ሾላ

ባለፈው ሳምንት ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ወደ ላሊበላ ከተማ የምትመለስ አንዲት ልጅ ባጃጄ ላይ ተሳፈረች። የአዲስ አበባ ልጅ መሆኗ ከጫማዋ ያስታውቃል። መንገድ ዳር ከሚሸጡት ሴቶች ሾላ ገዝታ በፌስታል ይዛ ነበርና ገና ፌስታሉን ስትፈታው ሽታው ከኋላዬ መጣ፤ ጣፋጭ፣ ትንሽ የቦካ፣ ጥንስስ ጥንስስ የሚል ሽታ። እጄ መሪው ላይ ላላ። ልጅቱ አንዱን ሰነጠቀች፣ ውስጡን አየች፣ «ወይኔ ትል» ብላ ወደ መንገዱ ወረወረችው። ባጃጁን አቆምኩ። ወርጄ አነሳሁት፣ በሹራቤ ጠረግኩት፣ እፍ አልኩበትና እዚያው ቆሜ በላሁት። «ትል አይደለም፣ ተርብ ነው፤ እሱ ባይኖር ሾላም የለም» አልኳት። ፌስታሉን መልሳ ቋጠረችው።

ትዝታ የሽማግሌ ሥራ ነው ይሉኛል። እኔ ገና ሠላሳ ያልሞላኝ ሴት ነኝ። ግን ያለፉት ዓመታት በእኛ አገር እንደ ሌላው አገር ዓመት አልነበሩም፤ ምን እንደነበሩ የሚያውቅ ያውቃል፣ ለማያውቅም ዛሬ አላወራም። የማወራው ከዚያ በፊት ስለነበረው ነው፤ ከተማው በፈረንጅ በሚተራመስበት፣ አስጎብኚ ያልሆነ ወንድ በማይገኝበት ጊዜ። ያኔ ከቅዳሜ ገበያ በላይ ባለው ማዕዘን ሻይ ሁለት ብር፣ ፓስቲ አንድ ብር ነበር፤ ፓስቲውም እንዳሁኑ አየር ብቻ አልነበረም። የሙጃ ሰዎች ድንችና ገብስ በአህያ ጭነው ይመጣሉ፣ የቆላ ሴቶች ሾላ በጣሳ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። አንድ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልነካም የሚል ፈረንጅ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ከተማው ውስጥ ቆይቶ በሾላ ላይ ሲወርድ እሱን የሚያህል አልነበረም። ማንም ምንም አልነገረውም። ማዕዘኑ ላይ ደግሞ በሜሞሪ ዘፈን የሚጭን አንድ ጎረምሳ ሱቅ ነበረው፤ ስፒከሩን ወደ መንገዱ አዙሮ ጠዋት ማታ አንድ ዘፈን ብቻ ይለቃል፣ ዐረብ አገር ስለሄደች እህት የሚል። ከማኅሌት የሚመለሱ ዲያቆናት ሳይቀሩ በአፍንጫቸው ያዜሙት ነበር። ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስም ያን ጊዜ ነው የገባው። እኔ ከሳልባጅ አንዱን ገዝቼ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ጉልበቱን በነጭ ክር ጥብቅ አድርጋ ሰፍታልኝ አገኘሁት። አልቅሼ ተረተርኩት፤ መልሳ ሰፋችው። በመጨረሻ እንደተሰፋ ለበስኩት።

ቤታችን ከነአኩቶ ለአብ ወረድ ብሎ ነው። መንገዱ ያኔ ኮረት ነበር፣ አሁን ባጃጄን እየነዳሁ ባለፍኩበት ቁጥር ጫማዬ ያለቀበትን ድንጋይ ሁሉ አውቀዋለሁ። ሾላው ከቤታችን በታች፣ ከምንጩ ራስ ላይ ቆሟል። ግማሹ ወደ ሜዳው አጋድሏል፣ ግማሹ ከገደሉ ጫፍ ወደ ወንዙ ተንጠልጥሏል። የሰፈራችን ማርያም ቦታ ላይ ስለሆነ የማርያም ሾላ ይባላል። ዕርቅ እሱ ሥር ነው፣ የዕድር ስብሰባ እሱ ሥር ነው፣ በመጀመሪያ ስልኬ ከአባቴ ተደብቄ ያወራሁትም እሱ ሥር ነው። ሾላ እንደ ኮክ ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አይንጠለጠልም፤ ከግንዱና ከወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ላይ ተጠጋግቶ፣ ተጣብቆ ይወጣል። ሲደርስ ይቀላል። አበላሉን ማንም አያስተምርም፤ ትሰነጥቃለህ፣ ትንኙ እስኪበር ትንሽ ትጠብቃለህ፣ እፍ ትላለህ፣ ትበላለህ። ትንኝ እንዳለበት ሕፃንም ያውቃል። ከውጭ የገባበት ነው፣ እንደ ምስር ነቀዝ ነው ብለን ነበር የምናስበው።

የሾላው ጠባቂ የአባቴ ታላቅ እህት እማሆይ ሥርጉት ነበሩ። ባላቸው ሲሞት መንኩሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች አንዲት ጎጆ ገቡ። ቁመታቸው ከትከሻዬ አያልፍም፣ ወይባቸው ከመታጠብ ብዛት ቢጫነቱን ረስቷል፣ ምላሳቸው ግን ምላጭ ነው። ዘመዶቼ ምላሷን ከእሳቸው ነው የወረሰችው ይሉኛል፤ የሰደቡኝ መስሏቸው ነው። ሲመነኩሱ አንድ ስእለት ተስለዋል፤ ስለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። በፍልሰታ ሱባኤ ሲይዙ በሬ ያላረሰውን፣ ሰው ያልዘራውን ብቻ ሊቀምሱ ነው ስእለቱ። ታዲያ በነሐሴ ዝናብ መካከል ሰው ያልዘራው ምን አለ? ሾላ አለ። ሌላው ሱባኤተኛ ጥሬውን ሲቆረጥም፣ እማሆይ ከቅዳሴ መልስ አንድ እፍኝ ሾላ በልተው ውኃ ይጠጣሉ፤ እስከ ማግሥቱ በቃቸው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው።

ነገሩ የተነሣው እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ነው። የባዮሎጂ መምህራችን የወገል ጤና ከተማ ሰው ነበር፤ ሲናገር ቁልቁለት እንደ ለቀቁት ጎማ ይንደረደራል። አንድ ቀን ከእኛው ሾላ ለቅሞ መጣና በምላጭ እየሰነጠቀ፣ በተሰነጠቀ አጉሊ መነጽር እያሳየ አስተማረን። ሾላ ፍሬ ከመሆኑ በፊት አበባ ነው አለ፤ ወደ ውስጥ የዞረ አበባ ነው። ከትንኝ የምታንስ ተርብ አለች፤ ከሾላው አናት ባለች ጠባብ በር ትገባለች። ከበሩ መጥበብ የተነሣ ክንፏ እዚያው ተቀንጥሶ ይቀራል። ከሌላ ሾላ ተሸክማ የመጣችውን የአበባ ብናኝ ታራግፋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ውስጥ ያድጋሉ። ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም፤ ግድግዳውን ፈልፍለው መውጫ ካበጁ በኋላ እነሱም ያልቃሉ። ሴቶቹ በዚያ መውጫ ብናኝ ተሸክመው ሌላ ሾላ ፍለጋ ይበራሉ። ተርቧ ያልገባችበት ሾላ አይበስልም፣ ደርቆ ይረግፋል። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ ወንዶቹ የላሊበላ ሰዎች ናቸው፣ ፈልፍለው ነው የሚሠሩት አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከጎኔ የተቀመጠው ጌታሁን ግን አልሳቀም፣ ተኝቶ ነበር። ጌታሁን የቄሳችን የመምሬ አዳነ ልጅ ነው፤ ዲያቆን ስለሆነ ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ አድሮ ጠዋት ዴስኩ ላይ ይደፋል። የነቃው መምህሩ ትምህርቱን ሲጨርስ ነው፤ በእያንዳንዱ የበሰለ ሾላ ውስጥ የሞተ ተርብ አለ፣ እፍ ብትሉም አይወጣም፣ ከሾላው ጋር አንድ ሆኗል ሲል። ያችን ሰማ፣ ደወል ተደወለ፣ ያችኑ ይዞ አባቱ ዘንድ ገባ።

በማግሥቱ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ሾላ የጾም ነው፣ ሾላ የፍስክ ነው። ምንጭ ዳር ወሬው እሱ፣ ከቅዳሴ ሲወጣ ወሬው እሱ። አንዱ ማርም ከንብ አፍ ነው የሚወጣው፣ በጾም ስንልሰው ኖረን የለም ወይ ይላል። ሌላው ማር የንቧ ሥራ እንጂ ንቧ አይደለችም ብሎ ይመልሳል። አንድ ሽማግሌ፣ የምስር ነቀዝ ሥጋ ከተባለ በላስታ ጾም የያዘ ሰው የለም ብለው ሁሉንም አሳቁ። መምሬ አዳነ ግን አልሳቁም። ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ ለሊቃውንቱ ተነግሮ እስኪጣራ በጾም ባይበላ ይሻላል አሉ። ይኼ ለሌላው ሰው ምንም አልነበረም። ሌላው ሰው ሽምብራ አለው።

እማሆይ ዘንድ ስሮጥ ሾላውን ከነእንቅቡ ለፍየሎች ገልብጠውት ደረስኩ።

«ስንት ፍልሰታ ሥጋ ስበላ ኖርሁ፣ ፈንቴ» አሉኝ።

ድምፃቸው እንዲህ ዝቅ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ትንኝ ሥጋ ከሆነማ በክረምት አፍዎን በከፈቱ ቁጥር ገድፈዋል አልኳቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁ ነበር። ለመምሬ አዳነ ንስሐ ገቡ፤ የንስሐ አባታቸው እሳቸው ናቸው። መምሬም ባለማወቅ የሆነ ነው ብለው ቀላል ቀኖና ቢሰጧቸው፣ እማሆይ በላዩ ስግደት ጨመሩበት። ከዚያ ለሁላችንም ነገሩን፤ የታረሰ አልቀምስም ብዬ ተስያለሁ፣ ሾላውን ደግሞ ሥጋ ነው አላችሁኝ፣ እንግዲህ የመጪው ፍልሰታ በውኃ ነው። በውኃ ማለት ለእሳቸው ምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀነዋል። በዚያ ዓመት ከምንጩ ግማሽ ማሰሮ ይዘው ሲወጡ እንኳ መንገድ ላይ ያርፉ ነበር። አባቴ ለመነ። ሽማግሌ ላከ። መምሬ አዳነ ራሳቸው ሄደው ከስእለቱ ልፍታዎት ቢሏቸው፣ «ስሳል ለእርስዎ አልተሳልሁም» ብለው መለሷቸው።

መምሬ አዳነ ክፉ ሰው አይደሉም። ይኼን የምለው ዛሬ አርጅተው ስላሳዘኑኝ አይደለም፣ ያኔም ክፉ አልነበሩም። እኛ የፈራነውን ነው የፈሩት። የእማሆይን ቀብር ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይሻላል ብለው አንድ ነገር አሰቡ፤ ሾላው ገና አረንጓዴና ጭብጥ ሳለ፣ ተርብ ሳይገባበት በፊት፣ የተባይ መድኃኒት ቢረጭበትስ? መድኃኒቱን የሐምሌ ዝናብ ያጥበዋል፤ በነሐሴ የሚደርሰው ሾላ ትንኝ የሌለው፣ ንጹሕ፣ የጾም ሾላ ይሆናል። እማሆይም ስእለታቸውን ሳያፈርሱ፣ ጾማቸውን ሳይገድፉ ይበላሉ። ሰፈሩ ወደደው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሌላ አገር የሚመጣ አይመስለኝም፤ ዛፍ ለማስጾም መርጫ የሚያነሳ ሕዝብ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። አንድ ገበሬ የጤፍ ትል የሚረጭበትን በጀርባ የሚታዘል መርጫ አዋሰ፣ ዝናቡም ለጥቂት ቀን ጋብ አለና ጌታሁን መርጫውን አዝሎ መጣ። ሰው ሊያይ ተሰበሰበ። እኔ ቀድሜ ግንዱን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«መምሬ፣ ተርቧን ከገደሏት ሾላው አይበስልም። መምህሩ ነግሮናል።»

«ጌታሁንም ያው እናንተ ክፍል ነው። እንዲህ አልነገረኝም።»

«ጌታሁን ተኝቶ ነበር።»

ጌታሁን የመርጫውን ማንገቻ ማስተካከል ጀመረ።

«ማኅሌት ቆሞ ያደረ ልጅ ቢተኛ ምን ያስገርማል» አሉ መምሬ። «አንችስ ከመቼ ወዲህ ነው የሾላ አዋላጅ የሆንሽው?»

ሰው ሳቀ። አባቴ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። እንግዲያው በፍልሰታ ባዶ እንቅብ ይዘን እንገናኝ ብያቸው ሄድኩ። ለቄስ እንዲህ አይባልም ተብዬ ማታውኑ ይቅርታ እንድጠይቅ ተላክሁ፤ ጉልበታቸውን ስሜ ጠየቅኩ፣ ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ጌታሁን በሜዳው በኩል ያለውን ግንዱንም ቅርንጫፉንም አዳርሶ ረጨ። በገደሉ በኩል ሣሩ ከዝናብ የተነሣ ያንሸራትት ነበርና፣ ልጄ አንገቱን ይሰብርብኛል ብለው መምሬ አስቀሩት። ጌታሁን ዛሬ ራሱ ቄስ ነው። ባጃጄ ላይ ሲሳፈር ተኝተህ ነበር አይደል እለዋለሁ። አዎ ይላል፣ መስቀሉን እያሳለመኝ።

ነሐሴ ገባ፣ ሾላውም መርገፍ ጀመረ። አውራ ጣት የሚያህል፣ አረንጓዴ፣ ድንጋይ። ሌሊት ሌሊት ዝናብ ሲመታው በማግሥቱ ሥሩ ተነጥፎ ይገኛል። ሰንጥቄ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። ትንኝ የለ፣ ትል የለ፣ ዘር የለ፣ ጭማቂ የለ፤ የደረቀ ጥጥ ነው። ወፎች እንኳ ሸሹት፣ ልጆች ተወራወሩበት። መምሬ አዳነ በየጠዋቱ ከኪዳን መልስ ጥላቸውን ዘርግተው ሥሩ ይቆማሉ፣ አንዱን አንስተው በጣታቸው ያገላብጣሉ፣ ይጥሉትና ይሄዳሉ። ብያችሁ ነበር ማለት እወዳለሁ፤ እስከ ዛሬም እወዳለሁ። ያን ጊዜ ግን ምላሴ አልታዘዘኝም፣ እማሆይ እያለቁ ነበር። እንደ ተናገሩት ውኃ ብቻ ይዘው ነው ሱባኤ የገቡት። መቋሚያ ሳይዙ ቅዳሴውን ቆመው የሚያስቀድሱት ሴት መጀመሪያ ግድግዳ ተደገፉ፣ ኋላ ተቀመጡ፣ ከዚያ ከጎጇቸው መውጣት አቃታቸው። አባቴ በርበሬ ያልነካው ንፍሮ ይዞ ሄዶ ንፍሮውን እንደያዘ ተመለሰ። እናቴ ነጠላዬን አጥባ አሰጣችው፤ ለለቅሶ እንደሆነ ገባኝ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከወንዙ ማዶ ከብት ልመልስ ሄጄ ቀና ስል፣ በገደሉ በኩል ወፍ ሲንጫጫ ሰማሁ። መርጫው ያልደረሰበት ቅርንጫፍ ቀልቷል። ከብቱን ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ፣ የአባቴን የሞፈር ጠፍር ከግድግዳው አወረድኩ። አባቴ አየኝ። ይጮህብኛል ስል ምንም ሳይናገር ተከተለኝ፤ የጠፍሩን አንድ ጫፍ እኔ ወገብ ላይ አስሮ ሌላውን ግንዱ ላይ ጠመጠመና በሁለት እጁ ያዘው። ቅርንጫፉ ላይ በሆዴ ተሳብኩ። ከታች ወንዙ ደፍርሶ ይጮሃል። ያችን ሰዓት ዛሬ ሳስባት ነው የምታስፈራኝ፣ ያኔ የታየኝ ሾላው ብቻ ነው። እንቅቡን ሞልቼ ወጣሁ።

ከቅዳሴ በኋላ እማሆይ ጎጆ ስንደርስ መምሬ አዳነ ቀድመውን ደርሰዋል፤ ጸሎት አድርሰውላቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤት በሩ ላይ ቆሟል። እማሆይ መደቡ ላይ ተደግፈዋል፤ ፊታቸው ከቆባቸው በታች ትንሽዬ ሆኗል። እንቅቡን ከፊታቸው አስቀመጥኩ።

«ይኼ ያልተረጨው ነው። ተርብ አለበት፣ አልዋሽዎትም» አልኩ።

«ክፈችው።»

ሰነጠቅኩት። ጥቂት ተርቦች ወጡ፤ ቅርፊቱ ጫፍ ላይ ክንፋቸውን አርገበገቡና በሩ ላይ በቆሙት ሰዎች መካከል ወደ ብርሃኑ በረሩ። እማሆይ በዓይናቸው ሸኟቸው።

«እናታቸውስ?»

«ውስጥ ቀርታለች። ስትገባ ክንፏ በር ላይ ይወልቃል። ከዚያ አትወጣም።»

«ምን ትበላለች እዚያ?»

«ምንም። ከተወለደችበት ሾላ ወጥታ እስክትሞት አንዲት ነገር አትቀምስም ብሎናል መምህሩ።»

እማሆይ ዓይናቸውን ከሾላው አላነሡም።

«የረገፈውስ? እሱ ውስጡ ምን አለው?»

«ምንም የለው። ንጹሕ ነው።»

መምሬ አዳነ ከዱካው ተነሡ። መስቀላቸውን ይዘዋል። «እማሆይ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይብሉልኝ። ኀጢአት ከሆነም በእኔ ይሁን» አሉ።

«ኀጢአትዎን ለራስዎ ያኑሩት፣ ያስፈልግዎታል» አሉ እማሆይ። ሾላውን ከእጄ ወሰዱ። «ሰው ያጠራው ረገፈ። ይኼ በሰለ። እግዜር የቱን እንደ ወደደ ለማወቅ ቄስ መሆን ያሻል?»

እፍ አሉበት፤ እፍታው ራሱ አደከማቸው። ከሁለት ገመሱት። ግማሹን አፋቸው ውስጥ አድርገው ዓይናቸውን ሳይከድኑ፣ ቀስ ብለው፣ አላምጠው አላምጠው ዋጡ። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሌላውን ግማሽ ለመምሬ አዳነ ዘረጉላቸው። በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያያል፤ ጾም ነው፣ ቄስ ናቸው፣ አይበላ ያሉትም ራሳቸው ናቸው። መምሬ አማተቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ዋጡት። ሳያኝኩ ነው የዋጡት፤ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። እማሆይም ሳያዩ አልቀሩም፤ እንቅቡን አገላብጠው ትልቁን መረጡና ዘረጉላቸው።